የልዑሉ ጣት ያረፈበት ኅዳግ

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ለንደን ስትሪትሃም የምትኖረው ጓደኛዬ አስካለች ለልደቷ ጠርታኝ ሄድኩ። ምሳ ተበልቶ ጨዋታው ሲደራ አስካለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ጥሩወርቅ እኮ ጡረታ ወጣች! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ላይብረሪ ውስጥ መጻሕፍት ስትደረድር ኖራ!» አለች። እንግዶቹም «እሰይ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ» አሉኝ። አመሰገንኩ። ባስ ላይ ግን ለብቻዬ እየሳቅኩ ነው ቤቴ የገባሁት። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም መጽሐፍ ደርድሬ አላውቅም። ጥፋቱ የአስካለች አይደለም። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ላይብረሪ ነኝ» እያልኩ የማልፈው እኔው ነኝ። ለማስረዳት ጊዜ ይፈጃላ! አሁን ጊዜ ስላለኝ ልጻፈው።

ሥራዬ የታመሙ መጻሕፍትን ማስታመም ነበር። በተለይም ከአምስትና ከስድስት መቶ ዓመት በፊት በብራና ላይ በእጅ የተጻፉትን፣ በወርቅና በቀለም ያጌጡትን የፈረንጅ መጻሕፍት። ብራናው ሲጨማደድ አቃናለሁ፤ ቀለሙ ሲረግፍ አስይዛለሁ፤ ስፌቱ ሲላላ እሰፋለሁ። አዲስ ሥዕል አልሥልም፤ የጠፋውንም አልሞላም። ያለው እንዳይጠፋ ማድረግ ብቻ ነው።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በመጥረጊያ ነው። ለንደን እንደመጣሁ ፊንስበሪ ፓርክ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ በአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት የጽዳት ሥራ አገኘሁ። ሺፍቴ ጠዋት፣ ሠራተኛው ከመግባቱ በፊት ነው። ከማጸዳቸው ክፍሎች አንዱ ከላይኛው ፎቅ ያለው የመጻሕፍት መጠገኛ ነበር። ጠረጴዛዎቹን መንካት ክልክል ነው፤ ወለሉን ብቻ ነው የማጸዳው።

አንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ አዲስ ብራና ተዘርግቶ አየሁ። ለካ ናፍቆኛል! ደብረ ታቦር ያሳደጉኝ አጎቴ ብራና ፋቂ ነበሩ። ሴት ልጅ ስለሆንኩ መጻፍ ባያስተምሩኝም፣ ቆዳ መወጠሩንና መፋቁን ግን ረዳት ስለሚያጥራቸው አሠርተውኛል። መወልወያዬን እንደያዝኩ ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ከኋላዬ በሩ ተከፈተ። አጭር፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን በገመድ ያንጠለጠሉ እንግሊዛዊት ናቸው። ማርጆሪ ይባላሉ፤ የክፍሉ አንጋፋ ጠጋኝ ነበሩ።

«ምን አየሽ?» አሉኝ።

ደንግጬ ነበር፤ አፌ ግን ቀደመኝ። «ፍየል ነው።»

«ጥጃ ነው። ጥጃ ብዬ ነው ያዘዝኩት።»

«ያዘዙት ጥጃ ይሆናል፤ የመጣው ግን ፍየል ነው።»

እንግሊዝኛዬ ያን ጊዜ ገና እየዳኸ ስለነበር፣ ነገሩ ያሰብኩትን ያህል በትሕትና አልወጣልኝም። ማርጆሪ ግን አልተቆጡም። አጉሊ መነጽራቸውን አምጥተው ሰጡኝና «አሳዪኝ» አሉ። የፀጉሩ ቀዳዳዎች ረድፍ ይዘው እንዴት እንደሚሄዱ በጣቴ ሳልነካ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ብለው ቆዩ። ከዚያም ቀና ብለው፣ «ሌላስ ምን ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ክፍሉ ውስጥ የተለማማጅ ቦታ ሲወጣ ማርጆሪ ፎርሙን ይዘው መጥተው ባልዲዬ ላይ አስቀመጡት። «አፕላይ አድርጊ። ካላደረግሽ እኔ አደርግልሻለሁ።» አደረግኩ። ደሞዙ ከጽዳቱ ደሞዝ እምብዛም የሚሻል አልነበረም፤ ግን ወንበር ነበረው።

እንግሊዞች አንቱታ እንደሌላቸው የታወቀ ነው። ሁሉም ማርጆሪ እያለ በስማቸው ሲጠራቸው እኔም ማርጆሪ እላለሁ፤ በልቤ ግን አንድም ቀን አንቺ ብያቸው አላውቅም። እርሳቸው እኔን «ትሩ» ይሉኝ ነበር። ጥሩወርቅ ለፈረንጅ ምላስ ይከብዳል። ትርጉሙን ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁና፣ «እንግዲያው ወርቁን ሁሉ አንቺ ትሠሪያለሽ» አሉኝ። ቃላቸውንም ጠበቁ።

ያስተማሩኝ በቃል አልነበረም፤ በልማዳቸው ነው። ክፍሉ ውስጥ እስክሪብቶ አይገባም፤ እርሳስ ብቻ። ጠዋት እጃቸውን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበው፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ድረስ እንደ ሐኪም ወደ ላይ አንስተው መስኮት አጠገብ ይቆማሉ። የጋብቻ ቀለበታቸውን ኪሳቸው ውስጥ ባለች የክብሪት ሳጥን ይከታሉ። ከስንዴ ስታርች የምንሠራውን ሙጫ በወንፊት ሦስቴ ያጠልላሉ፤ ሁለቴ ያጠለልኩ ቀን ምንም ሳይሉ ወንፊቱን መልሰው እጄ ላይ ያኖሩታል። ሲሠሩ ሬዲዮ ይሰማሉ። የሚረግፍ ቀለም ሊያስይዙ ሲሉ ግን ያጠፉታል። ያን ጊዜ ማንም አያናግራቸውም። የቀጭን ቡሩሽ ጫፍ ከዓሣ ፊኛ በተሠራ ሙጫ ውስጥ ይነክራሉ፤ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ከተነሣው የቀለም ቅርፊት ሥር ጠብታዋን ያስገባሉ፤ ከዚያ ይተነፍሳሉ። እንዲህ እያደረጉ አንዲት ጽጌረዳ ለመጨረስ አንድ ሳምንት ይፈጅባቸዋል።

ከሁሉም በላይ አንድ ሕግ ነበራቸው። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን አይሠራበትም። ይታያል፤ ያዩት በእርሳስ ወረቀት ላይ ይሣላል፤ በቃ። «ዛሬ እንግዳ ነው። እንግዳ በገባበት ቀን ሥራ አይታዘዝም» ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ ይህ የእንግሊዝ ባህል ነው ወይስ የእኛ እያልኩ እገረማለሁ።

ወርቁን ማየት ያስደስተኝ ነበር። የድሮዎቹ ሠዓሊዎች ከኖራና ከሙጫ ትንሽ ጉብታ ሠርተው ወርቁን በላዩ ይለጥፉና በውሻ ጥርስ ይወለውሉታል። ስለዚህ ገጹን ስታዘነብለው ብርሃኑ እንደ ውሃ ይንከባለላል። ሰማያዊው ከሩቅ አገር በግመል ከመጣ ድንጋይ የተፈጨ ነው። አረንጓዴው ከመዳብ የሚሠራ ሲሆን፣ ቆይቶ ብራናውን ራሱን ይበላል። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ጠባይ አለው። ያንን ጠባይ ችላ ብዬ ያጠፋሁትን ሳልናገር ባልፍ ይህ ጽሑፍ ውሸት ይሆናል።

ስድስተኛ ዓመቴ ላይ ነው። ከአንድ የጸሎት መጽሐፍ የተገነጠለ የብራና ቅጠል፣ አንድ ሉህ፣ መጣልን። ሥዕሉ ቅድስት ሐና ልጇን ማርያምን ፊደል ስታስቆጥር ያሳያል። ልጅቷ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ እናቷ ጭን ላይ በተከፈተ መጽሐፍ ላይ ጣቷን አሳርፋለች። ብራናው ተጨማዶ ስለነበር በመጠኑ አርጥቦ በክብደት ማቃናት ያስፈልጋል። ከማርጠቡ በፊት እያንዳንዱን ቀለም በአንዲት የውሃ ጠብታ መፈተን ግዴታ ነው። ማርጆሪ በዚያ ሳምንት እህታቸው ዘንድ ሄደዋል። ቅጠሉ ለኤግዚቢሽን የሚፈለግበት ቀን ደርሷል። ቀዩን ፈተንኩ፣ ደህና ነው። አረንጓዴውን፣ ደህና። የሐናን ካባ ሰማያዊ ፈተንኩ፣ ደህና። የልጅቷም ቀሚስ ያው ሰማያዊ ነው ብዬ ተውኩት።

ያው አልነበረም። በማግስቱ ክብደቱን አንሥቼ ከላይ ያለውን መምጠጫ ወረቀት ስገልጥ፣ ከቀሚሱ ላይ የሁለት ሩዝ ፍሬ ያህል ሰማያዊ ወረቀቱ ላይ ተለጥፎ ተነሣ። ብራናው ባዶውን ነጭ ሆኖ አፈጠጠብኝ። አምስት መቶ ዓመት ጦርነቱን፣ እሳቱን፣ አይጡን ያለፈ ቀለም በእኔ እጅ ተነቀለ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን የምለቅመው እንኳ አልነበረም። ዱቄት ሆኗል።

ለኃላፊው ነገርኩ፤ ሪፖርት ተጻፈ። ማርጆሪ ሲመለሱ አንድም ነገር ሳላስቀር ተናገርኩ። ወረቀቱን አሳየኋቸው። እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር።

«ወረቀቱን እንዳትጥዪው» አሉ። «ከቅጠሉ ጋር ይቀመጣል። ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው የት እንደሄደ ይወቅ።»

«ሥራውን ልልቀቅ ነው» አልኳቸው።

«መቼ?»

«ዛሬ።»

«ዛሬ አይሆንም። የቀረው ሰማያዊ መያዝ አለበት። እኔ አልነካውም፤ አንቺ ነሽ የምትሠሪው።»

«እኔ? ከዚህ በኋላ?»

«ታዲያ ከአንቺ በላይ ማን ይጠነቀቅለታል?» ብለው ሬዲዮውን አጠፉት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት ቀሚሱን በአጉሊ መነጽር በማየት ብቻ አሳለፍኩ። እርሳቸውም አልወተወቱኝም። በሦስተኛው ቀን የቀሚሱ ቀሪ በሙሉ ተይዞ አለቀ። እሁድ ለንስሐ አባቴ፣ የእመቤታችንን ቀሚስ ነቀልኩ ብዬ ተናዘዝኩ። እርሳቸው ግራ ገብቷቸው ትንሽ አሰቡና፣ «የጨርቁን ነው የሥዕሉን?» አሉኝ። ቀሚሱ ከተነቀለ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው። ነጩን ቦታ ግን ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ።

ማርጆሪ ጡረታ ሲወጡ ጠረጴዛቸውን እኔ ወረስኩ። ክፍሉን ኮሊን የሚባል አዲስ ኃላፊ ያዘው። ኮሊን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፊቱ የማይፈታ፣ ሁሉን በቀጠሮ የሚያስኬድ ሰው እንጂ። ዐሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ጥርሱን አይቼ አላውቅም ነበር።

በመጨረሻው የሥራ ዓመቴ የማልረሳው መጽሐፍ መጣ። ቁመቱ ከመዳፌ ብዙ አይበልጥም። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ለአንድ የንጉሥ ልጅ የተሠራ ፊደል መማሪያ ነው። አርማው የንጉሣዊ ቤተሰብ መሆኑን ቢመሰክርም የልጁን ስም ማንም በእርግጥ አያውቅም። መጀመሪያ ፊደሎቹ እያንዳንዳቸው በወርቅ ተጽፈዋል፤ ቀጥሎ አቡነ ዘበሰማያት፤ ከዚያ የላቲን ሰዋስው። ልጁ እንዳይሰለች ኅዳጉ ሁሉ በሥዕል ተሞልቷል፦ አዳኙን የሚያሳድድ ጥንቸል፣ ዝንጀሮዎችን የሚያስተምር ዝንጀሮ፣ ቀንድ አውጣ ላይ የተቀመጠ ፈረሰኛ። በአንደኛው ገጽ ላይ ራሱ ልዑሉ ቀይ ካባ ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እግሩ መሬት አይደርስም። ከፊቱ ጠፍጣፋ ቆብ ያደረገ መምህር አለንጋ ይዞ ቆሟል።

ባለቤቱ አንድ አዛውንት ባላባት ናቸው። መጽሐፉን ለኤግዚቢሽን ሲያውሱ አንድ ነገር ጠይቀዋል፦ የኅዳጎቹ እድፍ ይጽዳ። እውነትም የየገጹ ታችኛ ማዕዘን ጠቁሯል። ኮሊን ሥራውን ፈርሞ ሰጠኝ። «ስድስት ሳምንት አለሽ። ቀላል ነው፤ ደረቅ እድፍ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። በለስላሳ ላጲስና በስፖንጅ ይነሣል።

የመጀመሪያውን ቀን እንደ ልማዴ በማየት ብቻ አሳለፍኩት። እድፉን ገጽ በገጽ በእርሳስ ሣልኩት። ከሰዓት በኋላ መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርጌ ሳይ እድፉ ዝም ብሎ እድፍ አለመሆኑን አየሁ። ከፊደሎቹ ሥር የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጠባሳዎች በረድፍ አሉ፤ አንድ ሰው በስል እንጨት እያመለከተ ያነበበበት ነው። እኔም ሀሁ ስቆጥር በስንደዶ ነበር የምጠቁመው፤ የፊደል ገበታዬም የምይዝበት ማዕዘን በላብ ጠቁሮ ነበር። በዚህኛው መጽሐፍ ማዕዘን ላይ የጠቆረው የአውራ ጣት አሻራ ነው፤ ያውም የሕፃን። ዝንጀሮዎቹ ያሉበት ገጽ ከሁሉም በላይ ጠቁሯል። እድፉ የላቲኑ ግስ እስከሚጀምርበት ገጽ ድረስ ይሄድና በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላል። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች እንደ ወተት ነጭ ናቸው።

ኮሊን ዘንድ ሄጄ፣ «አላጸዳውም» አልኩት።

«ተፈርሟል እኮ፣ ትሩ።»

«ባለቤቱን ጥራልኝ። እርሳቸው አይተው አጽጂ ካሉኝ አጸዳለሁ።»

ኮሊን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ግን ደወለ።

ባላባቱ ከሦስት ቀን በኋላ በከዘራ መጡ። ገና ሳይቀመጡ፣ «እመቤት፣ ይህን መጽሐፍ ሕዝብ ሊያየው ነው። ቤተሰቦቼ በእድፍ እንዲታወቁ አልፈልግም» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ ማጽዳቱን እችላለሁ» አልኳቸው። «ካጸዳሁት በኋላ ግን መመለስ አልችልም። ስለዚህ መጀመሪያ አብረን እንየው።»

ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጥኩላቸው። ጠባሳዎቹን፣ አሻራዎቹን አሳየኋቸው። ሽማግሌው አንዱ ገጽ ላይ አውራ ጣታቸውን ሳያስነኩ ከአሻራው በላይ ይዘው መጠኑን አስተያዩ። የእርሳቸው ጣት የአሻራውን ሦስት እጥፍ ይሆናል።

«ስንት ዓመቱ ይመስልሻል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አምስት፣ ቢበዛ ስድስት።»

«እና የት ላይ ነው የሚያቆመው?»

«ግሱ የሚጀምርበት ላይ።»

አዛውንቱ በሳቅ ፈነዱ። «እኔም እኮ እዚያው ላይ ነው ያቆምኩት! አባቴ ሦስት አስተማሪ ቀይሮልኛል!» ሳቃቸው ሲበርድ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ኮሊን ዞሩ። «ይህን ልጅ እንዳታጥቡብኝ» አሉት።

ስለዚህ የቀረኝ ሥራ የሚረግፈውን ቀለም ማስያዝ ብቻ ሆነ። የልዑሉ ቀይ ካባ አራት ሳምንት ፈጀብኝ። ሁሉንም ጨርሼ የመጨረሻውን ባዶ ቅጠል ስፈትሽ፣ ጣቴ ሥር አንድ ሻካራ ቦታ ተሰማኝ። የተፋቀ ነው። ቀለም በቢላ ሲፋቅ ዓይን ባያየው እንኳ ብራናው ውስጥ ትንሽ ይቀራል፤ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ ደግሞ ይጠቁራል። መጋረጃውን ዘግቼ መብራቱን አበራሁ።

ሰውዬ ነው። ጠፍጣፋ ቆብ አድርጓል፤ እጁ ላይ አለንጋ ይዟል። አፍንጫው እስከ አገጩ ይደርሳል። ከቆቡ ሥር ደግሞ ሁለት ረጃጅም የአህያ ጆሮዎች ወጥተዋል። አሣሣሉ የሕፃን እጅ ነው።

«ኮሊን!» ብዬ ጮህኩ። አንድ ነገር የሰበርኩ መስሎት እየሮጠ ገባ። ጎንበስ ብሎ አየ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ታመመ ብዬ ነበር፤ ለካ እየሳቀ ነው። ሰውየው ሲስቅ ጥሩ ጥርስ አለው።

«ምስኪን» አለ በመጨረሻ፤ «መምህሩ ይዞት ፋቀበት ማለት ነው።»

እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ከዚያ ግን የቢላውን ምልክት በአጉሊ መነጽር አየሁ። በመጽሐፉ ውስጥ አራት ቦታ የጸሐፊው ስሕተት ተፍቆ በሌላ ቀለምና እጅ፣ በመምህሩ መሆን አለበት፣ ታርሟል። እነዚያ እርማቶች ያማሩ ናቸው፤ በጣት እንኳ አይታወቁም። ሰውየው መፋቅ ያውቅበታል። እዚህ ሥዕል ላይ ግን ቢላው ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ላይ ላዩን ነው ያለፈው። ሲጨርስ ሥዕሉ ደብዝዞም ቢሆን በዓይን ይታይ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ፤ የቀረውን ያጠፋው ዘመን ነው። ልጁም መምህሩም ያዩት ነበር።

ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት መጽሐፉ ፊደሎቹና እድፉ ላይ ተከፍቶ፣ ባለ አህያ ጆሮው መምህር በአልትራቫዮሌት የተነሣው ፎቶ አጠገቡ ተሰቅሎ ቀረበ። ሰው ተሰልፎ እየሳቀ ያልፍ ነበር። ማርጆሪ ሰማንያውን ዘልለው በሁለት ከዘራ ነው የሚሄዱት፤ እኔና ባላባቱ ግራና ቀኝ አጅበን ወሰድናቸው። መስተዋቱ ፊት ረጅም ጊዜ ቆሙ። ስለ ቢላው ነገርኳቸው።

«ሠዓሊው ለመምህሩ አለንጋ የሰጠው ለወጉ ነው» አሉ ማርጆሪ። «ይህ ሰው ልጁን መትቶት አያውቅም።»

ከዚያ ሻይ ጠጥተን፣ ባላባቱ ስለ ሦስቱ አስተማሪዎቻቸው ሲያወሩልን አመሸን። ወር ሳይሞላ የጡረታ ደብዳቤዬን አስገባሁ። ኮሊን «ትንሽ ብትቆዪ» ብሎ ለመነኝ። ግን ከዚህ የሚበልጥ መጽሐፍ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ስግብግብነት መሰለኝ።